ክቡር ትንሽ ቀረው እና የገለባው ስኳር

በዓለም ላይ ሥራቸውን የጨረሱና ሥራቸውን ያልጀመሩ ሰዎች ብቻ ያሉ የሚመስለው ሰው፣ ሦስተኛውን ወገን ሳያይ የኖረ የታደለ ነው። ሦስተኛው ወገን "ትንሽ ቀረው" ይባላል። በየቤቱ፣ በየሰፈሩ፣ በየመሥሪያ ቤቱ አንድ አይጠፋም። አጎታችሁ ይሆናል፤ ግድግዳ አቁሞ፣ ጣሪያ መትቶ፣ የበር እጀታ ብቻ ቀርቶት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በሩን በገመድ የሚያስር። ወይም ጎረቤታችሁ ይሆናል፤ ግቢው ውስጥ በአራት ድንጋይ ላይ የተቀመጠች መኪና ያለችው። ብትጠይቁት "አንዲት ዕቃ ብቻ ነው የጎደላት" ይላችኋል። ዶሮዎቹ ግን የኋላ ወንበሯ ላይ እንቁላል መጣል ከጀመሩ ሰነባብተዋል።

እኔ ብዙ የተማርኩ ሰው አይደለሁም። ከስምንተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። ሰው ፊት መናገርም አይሆንልኝም። ግን ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ ምርምር ቤት ጠርሙስ ሳጥብ ስለኖርኩ፣ የዚህን ወገን አለቃ፣ የትንሽ ቀረዎችን ሁሉ የበላይ፣ በቅርብ የማየት ዕድል ገጥሞኛል። ስለ እሳቸው ልጽፍ ነው።

በመዝገብ ላይ የሚጠሩበት ሙሉ ስምና የዶክተርነት ማዕረግ አላቸው። ከዘበኛው እስከ ዳይሬክተሩ ድረስ ግን ሁሉም "ትንሽ ቀረው" ነው የሚላቸው። እኔ ሰውን በቅጽል ስም ብቻ መጥራት ስለሚከብደኝ በልቤ "ክቡር" እጨምርበታለሁ። በአፌ ደግሞ "ዶክተር" እላቸዋለሁ።

የክቡርነታቸው ሥራ እርሾን ገለባ ማስበላት ነበር።

እንዲህ ሲባል ቀላል ይመስላል። እርሾ ማለት ያው ዳቦ የሚያነሣው ነው። ጣፋጭ ስኳር ሲሰጡት ይበላል፣ አረፋ ይተነፍሳል፣ አልኮል ይተዋል። ያ አልኮል ተነጥሮ መኪና ይነዳበታል። "ነገር ግን" ይሉ ነበር ዶክተር፣ ጣታቸውን ወደ ላይ ቀስረው፣ "ሰው የሚበላውን ስኳር ለመኪና ካበላነው፣ ሰው ምን ሊበላ ነው? ሜዳ ላይ በየዓመቱ የሚቃጠል የበቆሎ አገዳና የስንዴ ገለባ እያለ!" ገለባ ውስጥም ስኳር ታስሮ አለ። አንደኛውን ዓይነት እርሾ ያውቀዋል። ሁለተኛውን ግን አያውቀውም። ቢያቀርቡለት የማያውቁት ቤት ገብቶ እጁን እንደሰበሰበ እንግዳ አጠገቡ ቁጭ ይላል እንጂ አይነካውም።

ስለዚህ ክቡርነታቸው በከብት ሆድ ውስጥ ከሚኖር፣ ገለባ መብላት ከሚያውቅበት አንድ ሻጋታ የአበላሉን መመሪያ ቆርጠው እርሾው ውስጥ ከተቱት። መመሪያው ክር በመሰለ ነገር ላይ የተጻፈ ነው አሉኝ። እኔ አላየሁትም። እሳቸውም በዓይናቸው አይተውት እንደማያውቁ ሲነግሩኝ ደስ አለኝ።

ያ ብቻ ሦስት ዓመት ፈጀ። እርሾው መመሪያውን ከያዘ በኋላም አልበላ አለ። እኔ ይህ አልገረመኝም፤ መጽሐፍ ይዞ የማያነብ ስንት ሰው አውቃለሁ። ስለዚህ ማለማመድ ተጀመረ። በየአምስት ቀኑ ከአንዱ ጠርሙስ ጥቂት ጠብታ ወደ አዲስ ጠርሙስ ይዛወራል። በአዲሱ ውስጥ ጣፋጩ ስኳር ትንሽ ይቀነሳል፣ የገለባው ትንሽ ይጨመራል። ልጅን ጡት እንደማስጣል ነው። የለመደው ይበዛል፣ ያልለመደው እየቀረ ይሄዳል። አንድ ጠርሙስ፣ ሁለት ጠርሙስ፣ አሥር ጠርሙስ። እኔ ከኋላ ከኋላ እየተከተልኩ ባዶውን አጥባለሁ።

"ዶክተር፣ እንዴት ሆነልዎ?"

"ትንሽ ነው የቀረኝ፣ እትዬ።"

አንድ ነገር ልናገር። በዚያ ሕንፃ ውስጥ እኔን "እርስዎ" የሚሉኝ እሳቸው ብቻ ነበሩ። ሌላው "አንቺ ጠርሙስ" ነበር የሚለኝ፤ በክፋት አይደለም፣ በጥድፊያ ነው።

ትንሽ ቀረውነታቸው በእርሾ ብቻ አልተወሰነም። ሻይ ሲጠጡ ከብርጭቆው ሥር አንድ ጣት ያህል ይተዋሉ። የጋዜጣ እንቆቅልሽ ሲሞሉ አንዲት ቃል ትቀራለች፤ ያቺን ቃል አስበው እስኪያገኙ ጋዜጣው አይጣልም፣ ስለዚህ ከጠረጴዛቸው ሥር እስከ ጉልበታቸው የሚደርስ የጋዜጣ ክምር ነበር። የቀድሞው ዳይሬክተር ጡረታ ሲወጡ ንግግር እንዲያደርጉ ተጋበዙና አምስት ገጽ አንብበው፣ "በመጨረሻም" ብለው፣ ትንሽ አሰቡና "ይቅርታ፣ ጠርሙስ ዞር አድርጌ ልምጣ" ብለው ወጡ። እስከ ዛሬ አልተመለሱም። ያ ጡረተኛ በመጨረሻም ምን እንደሚባልለት ሳያውቅ ነው የሚኖረው።

ደግሞ ኮታቸው አለ። ቡናማ ነው። ከላይ ሁለተኛው ቁልፍ ወልቆ ነበር። አልጠፋም፤ አራት ቀዳዳ ያለው ደህና ቁልፍ ነው፣ በቀኝ ኪሳቸው ይዘውት ይዞራሉ። ሰው ሲያነሣባቸው አውጥተው ያሳያሉ። "ይኸው፣ ቁልፉ አለ። መስፋት ብቻ ነው የቀረው።" ይህን ሲሉ ስድስት ዓመት ሰምቻለሁ። እኔም ስድስት ዓመት ሙሉ ቡናማ ክር የተሰካበት መርፌ በጋዋኔ አንገትጌ ውስጥ ይዤ ነበር። "ይስጡኝ፣ ልስፋልዎ" ለማለት ሁለት ቃል ነው የሚያስፈልገው። ዝም አይነቅዝም ይባላል። እውነት ነው አይነቅዝም፤ ግን ክሩ ነቀዘና ሁለት ጊዜ ቀየርኩት።

የንብረት ክፍል ኃላፊው መቼም ምላሰኛ ነበር። በኮሪደር ባገኛቸው ቁጥር አይለቃቸውም።

"ዶክተር፣ መኪናዬን ነዳጅ ላስሞላት ወይስ ገለባ ላሸክማት?"

"ትንሽ ታገሥ። ትንሽ ነው የቀረኝ።"

"ላም አለኝ በሰማይ አሉ!"

"የእኔ ላም ሰማይ ላይ አይደለችም፤ ጠርሙስ ውስጥ ናት። ወተቷን ለመልቀቅ ትንሽ ነው የቀራት።"

ይስቅባቸዋል። እሳቸውም አብረው ይስቃሉ። እኔ ውኃ እከፍታለሁ፣ እንዳይሰማኝ።

የዚያ ክፍል ነገር አሁንም ዓይኔ ላይ ነው። በስተግራ ጠርሙሶቹን ቀን ከሌሊት የሚያወዛውዘው ማሽን፤ ልጅ እንደሚያባብል ሰው ሽው፣ ሽው ይላል። በስተቀኝ የእኔ ማጠቢያ። ከማጠቢያው በላይ መደርደሪያ፣ መደርደሪያው ላይ ሦስት ቡናማ የስኳር ጠርሙሶች። የመጀመሪያው ጣፋጩ ነው፤ በወር አንዴ ያልቅና ይተካል። ሁለተኛው የገለባው ነው። ሦስተኛው አጠር ያለ፣ ክዳኑ እንደታሸገ የተቀመጠ ነው። ምን እንደሆነ አንድ ቀን ጠይቄ፣ "ገለባ ውስጥ ሦስተኛም ስኳር አለ፣ እትዬ። ጥቂት ነው። እሱን ደግሞ እርሾ ዞር ብሎም አያየው። እሱ ለኋላ ነው" አሉኝ። ለኋላ ስለሆነ ማንም አይነካውም። እኔ ግን ዓርብ ዓርብ አቧራውን እጠርግለት ነበር። አንድን ነገር ሰው ረስቶት አቧራ ሲለብስ አልወድም።

ጠርሙስ አስተጣጠብም ራሱን የቻለ ነገር ነው። በብሩሽ፣ ከዚያ ሦስት ጊዜ በቧንቧ ውኃ፣ አንድ ጊዜ በተጣራ ውኃ። ዘቅዝቀው ሲይዙት ውኃው እንደ ሻሽ ወጥ ሆኖ ከወረደ ንጹሕ ነው። ነጠብጣብ ሆኖ ከቀረ ገና ነው። በሃያ ሁለት ዓመት አንድም ያልጠራ ጠርሙስ አውጥቼ አላውቅም። ይህን የምለው ለኩራት አይደለም። ጥፋቴ ከዚሁ ከንጽሕናዬ ስለመጣ ነው።

የቤቱ ደንብ እንዲህ ነበር። ጋሪው ላይ የተቀመጠ ጠርሙስ ሁሉ መጀመሪያ እንፋሎት ማሽን ውስጥ ገብቶ ይቀቀላል፤ ሕይወት ያለው ነገር እንዳይወጣ። ከዚያ እኔ አጥባለሁ። የማይነካ ጠርሙስ ካለ ሰማያዊ ፕላስተር ይለጠፍበታል።

ጡረታ ልወጣ ሁለት ወር ሲቀረኝ፣ አርባ አንደኛው ጠርሙስ በላ። ጣፋጭ ስኳር የሚባል ጨርሶ የለበትም፤ የገለባው ብቻ ነው ያለው፤ እና አረፋ አወጣ። ዶክተር ሁሉንም እየጠሩ አሳዩ። ዘበኛውን ሳይቀር ጠርተውት ቆቡን አውልቆ አየ። "ብሉ ልጆቼ፣ ብሉ" ይሉት ነበር ጠርሙሱን፣ ለልጅ እንደሚያጎርስ ሰው። ከዚያ በመስኮቱ ብርሃን ሊያዩት ከማሽኑ አነሡት፣ ለስልክ ተጠሩ፣ ከጋሪው ጫፍ አስቀመጡት፣ ከሰማያዊው ፕላስተር ጥቅል የቀረችውን የመጨረሻዋን ጣት የምታህል ቁራጭ ቀደው ጻፉባትና ለጠፏት፤ ከዚያ ወጡ፣ ያን ቀንም አልተመለሱም። ጠርሙሱ ላብ ነበረበት። እርጥብ መስታወት ላይ ፕላስተር አይይዝም።

እኔ ይህን አላየሁም። እኔ ያየሁት ጋሪ ነው። ቀቀልኩ፣ አጠብኩ፣ ዘቀዘቅኩ። ውኃው እንደ ሻሽ ወረደ።

ከሰዓት በኋላ የእንፋሎት ማሽኑን ቅርጫት ስጠርግ ከሥሩ አንዲት የተጠቀለለች ሰማያዊ ነገር አገኘሁ። ዘረጋኋት። "41። አይታጠብ" ይላል፣ በዚያ ውብ ጽሕፈታቸው።

ኪሴ ከተትኳት። እውነቱን ልናገር፤ ያን ቀን አልተናገርኩም። ማንም አላየኝም። ጠርሙስ ጠርሙስን ይመስላል። ሆድ ይፍጀው ብዬ ቤቴ ገባሁ። ታናሽ እህቴ፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ አብረን ነው የምንኖረው፣ "ምን ሆነሽ ነው? ራት ላይ ጨው ሁለት ጊዜ ጨመርሽ" አለችኝ። ወጡ ላይ ውኃ ጨመርኩበት።

በማግሥቱ ከሁሉም ቀድሜ ገባሁ። ዶክተር ሲመጡ ፕላስተሯን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩና ቆምኩ። ተናገርኩ ማለት አልችልም። ቆምኩ።

አዩዋት። እጄን አዩ። መደርደሪያዬ ላይ የተዘቀዘቁትን ጠርሙሶች አዩ። ከዚያ፣ "ግድ የለም፣ ግድ የለም" እያሉ ወደ ማቀዝቀዣው ሄዱ። ለካ ከእያንዳንዱ ጠርሙስ ጥቂት እየተቀነሰ በትንንሽ ቱቦ በበረዶ ይቀመጣል፤ ለክፉ ቀን። እኔ ይህን አላውቅም ነበር፤ ነፍሴ ተመለሰች። ሣጥኑን አወጡ። አርባ አንድ የተጻፈበት ቱቦ ቦታው ላይ አለ። ቀኑ ተጽፎበታል፣ ሰዓቱ ተጽፎበታል። ወደ ብርሃን አነሡት።

ባዶ ነው።

መሙላት ብቻ ነበር የቀረው።

ተቀመጡ። መጀመሪያ የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር፤ ከዚያ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ሳይ እየሳቁ ነው። ሳቁ ትንሽ ልቅሶም ነበረበት። "እትዬ፣ እርስዎ ጠርሙሱን አጠቡ። እኔ ቱቦውን ሳልሞላ ቀረሁ። እስኪ ይፍረዱ፣ የማናችን ይብሳል?"

"የእኔ" አልኩ።

"አይደለም" አሉ። "እርስዎ እኮ ሥራዎን ጨርሰው ነው የሄዱት።"

ከሣጥኑ ውስጥ በእርግጥ የተሞላው የመጨረሻ ቱቦ አሥራ አንደኛው ሆኖ ተገኘ። ሌሎቹ ሁሉ ስም ብቻ ናቸው። ሠላሳ ጠርሙስ ወደ ኋላ፤ አምስት ወር ያህል መሆኑ ነው። ክቡርነታቸው አሥራ አንደኛውን በእጃቸው እያሟሟቁ፣ "እንግዲህ፣ ትንሽ ነው የቀረን" አሉ።

የቀረን። እስከዚያ ቀን ድረስ "የቀረኝ" ነበር የሚሉት። ከዚያ በኋላ ግን ሁልጊዜ "የቀረን" ነው።

ለዳይሬክተሩ በጻፉት ሪፖርት ላይ ጠርሙሱ "በእኔ ስሕተት" ጠፋ ብለው እንደጻፉ የነገረችኝ ረዳታቸው ናት፤ ከወጣሁ በኋላ።

ጡረታ ወጣሁ። የግድግዳ ሰዓት ሰጡኝ። ሰዓቱ ደህና ይሠራል፤ ጊዜው ግን ወዴት ይሂድ? ጠዋት ተነሥቼ ብርጭቆዎቼን አጥባለሁ፣ አራት ናቸው፣ ወዲያው ያልቃሉ። ያ ሽው፣ ሽው የሚል ድምፅ ይናፍቀኛል። ያ ሽታ፣ የዳቦ ሊጥና የበሰለ ፍሬ የተቀላቀለበት፣ ይናፍቀኛል። ሌላም የሚናፍቀኝ ነገር ነበር፤ ስሙን ግን አልጠራውም፣ በዚህ ዕድሜዬ እህቴ ታነበዋለች።

በሦስተኛው ቅዳሜ በር ተንኳኳ። ቡናማ ኮት፣ ሁለተኛው ቁልፍ የለም።

"መንገዴ ስለሆነ ነው፣ እትዬ። ደግሞ እርሾው እንዴት እንደሆነ ሳይነግሩኝ ቀሩ እንዳይሉኝ።"

ሻይ ጠጡ፣ አንድ ጣት አስቀሩ፣ ሄዱ። እህቴ በመስኮት ተከትላ አየቻቸው።

"መንገዴ ነው ያሉት የቱን መንገድ ነው? ከእኛ ቤት ወዲያ ያለው ድንጋይ መፍጫው ነው።"

"ምናልባት ድንጋይ ይፈልጉ ይሆናል።"

"አዎ፣ ድንጋይ። አንቺን የመሰለ ድንጋይ።"

ከዚያ ወዲህ ለሁለት ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመጣሉ። ሃያ ሦስተኛው ጠርሙስ፤ ትንሽ ነው የቀረን። ሠላሳ ስምንተኛው፤ ትንሽ ነው የቀረን። አርባ አንድን አለፉት፤ ያን ቀን ለእኔ ብለው ኬክ ይዘው መጡ። ከዚያ እርሾው ይበላል ግን ይልሰዋል እንጂ አይጎርሰውም። ከዚያ ይጎርሳል ግን አልኮል አይተውም። ከዚያ አልኮል ይተዋል ግን በራሱ አልኮል ሰክሮ ይሞታል። እህቴ እንጀራ አባቷን እንደምትታዘብ ሴት ጥግ ቁጭ ብላ ትሰማለች።

"ዶክተር፣ አይቀየሙኝና፣ ይኼ እርሾ የሰው ልጅ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ተምሮ፣ አግብቶ፣ ተፋትቶ ነበር።"

"ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።"

"የእርስዎ እንቁላል ግን ዱላም የያዘ ይመስለኛል።"

በዚህ ዓመት አዲሱ ዳይሬክተር ክፍሉን ለኮምፒውተሮች ስለሚፈልጉት ቀን ቆረጡላቸው። እስከ በጀት ዓመቱ መጨረሻ ድረስ እርሾው የገለባውን ስኳር ሙልጭ አድርጎ በልቶ አልኮል ካልሰጠ፣ ክፍሉም ይዘጋል፣ ክቡርነታቸውም ወደ ቤታቸው። የጡረታ ጊዜያቸው ራሱ ካለፈ ቆይቶ ነበር፤ "ሥራው ትንሽ ስለቀረው" እየተባለ ነው የተራዘመላቸው።

እኔ የሆንኩትን ልንገራችሁ። አምስት ወር አጥቤባቸዋለሁ። እነዚያ አምስት ወሮች ቢኖሩ ቀኑ አይጠባቸውም ነበር። ስለዚህ በየማታው እርሾው እንዲበላ እለምናለሁ። ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት በሩ ሲንኳኳ ደግሞ፣ ካለቀ ምን ሊነግሩኝ ይመጣሉ ብዬ፣ እባክህ ትንሽ ይቅር እላለሁ። እግዜር ግራ ሳይገባው አልቀረም።

የበጀት ዓመቱ ሊያልቅ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፤ በር አልተንኳኳም። ዘጠኝ ተኩል ሆነ። ያ የተሰጠኝ ሰዓት እንደዚያ ቀን ጮኾ አያውቅም። እህቴ አልቀለደችም፤ ያ ነው ያስፈራኝ። አሥር ሰዓት ላይ "ቆሻሻ ልድፋ" ብላ ባዶ ባልዲ ይዛ ወጣች። እስከ መንገዱ መታጠፊያ ሄዳ ቆማ ቆማ ተመለሰች። ሻዩን ማንም አልጠጣውም።

ማክሰኞ ጠዋት ብርጭቆዎቼን ዘቅዝቄ ሳበቃ በሩ ተንኳኳ።

ቆመዋል። ጢማቸው አልተላጨም። በአንድ እጃቸው የመድኃኒት ጠርሙስ፣ በሌላው ከላቦራቶሪ የማውቃት ትንሽዋ የስፒሪት ምድጃ፤ ክሯ እንኳ ሳይቀር ያው ናት፣ ስንት ጊዜ ወልውያታለሁ።

"እትዬ" አሉ። "አለቀ።"

ይህን ቃል ከእሳቸው አፍ ሰምቼ አላውቅም። እሳቸውም ብለውት የሚያውቁ አይመስሉም፤ አፋቸው ላይ እንደ ሌላ ሰው ጥርስ ሆኖባቸዋል።

ሙልጭ አድርጎ በልቶታል። ሦስት ጊዜ ደገሙት፣ ሦስቱንም ጊዜ በላ። ቅዳሜ የቀሩት ለዚያ ነው። እርሾውን ረዳታቸው ተረክባለች። "አርባ ቱቦ" አሉ፣ ወደ እኔ ሳያዩ። "ሁሉም ሙሉ ናቸው። አንድ በአንድ ወደ ብርሃን እያነሣሁ አይቻቸዋለሁ።"

"ዳይሬክተሩስ ምን አሉ?" አለች እህቴ።

"እጄን ጨበጡኝ። ሥራው በሚገባ ስላለቀ ክፍሉን ማስረከብ ይቻላል አሉ።"

"ባያልቅስ ኖሮ?"

"ባያልቅም ማስረከብ ነበረብኝ።"

እህቴ ወንበር ሳበችላቸው።

"ለማንኛውም" አሉ ዶክተር፣ "መጀመሪያ የሚነድደው እዚህ ቤት ነው ብዬ ነው።" የመድኃኒቱን ጠርሙስ ከፍተው ምድጃዋ ውስጥ ገለበጡት። ውኃ የሚመስል ነገር ነው። ሃያ ዓመት እዚያ ውስጥ አለ። እኔ ክብሪት ጫርኩ። ሰማያዊ ሆኖ ተያያዘ፤ ጭስ የለው፣ ሽታ የለው፣ በቀን ብርሃን ሊታይም አይፈልግ፤ ዓይን አፋር እሳት ነው፣ ወደድኩት። የሻይ በራዱን አስቀመጥንበት። ሦስታችንም ጎንበስ ብለን ጠበቅን። ዶክተር ለእሳቱ ጭምር "ብላ፣ ብላ" ሲሉት ሰማኋቸው።

ውኃው መተንፈስ ጀመረ። ክዳኑ ተነቃነቀ። ከሥሩ ዶቃ የመሰሉ አረፋዎች መውጣት ጀመሩ። ሊፈላ ትንሽ ሲቀረው፣ እሳቱ አንዴ ዘለለና ጠፋ።

እህቴ በራዱን ቀስ ብላ አንሥታ ወደ ማዕድ ቤት ወሰደችው፤ ትስቅ ዘንድ የሄደች ይመስለኛል፣ ወይም ሌላ ነገር።

ክቡር ትንሽ ቀረው ወንበሩ ላይ አነስ ብለው ተቀምጠዋል። ዕቃው ወጥቶ ያለቀ ቤት ታያላችሁ? እንደዚያ ናቸው። ግድግዳው እንዳለ ነው፤ ሲጠሩበት ግን ያስተጋባል። ምድጃዋን ይዘው ባዶዋን ያዟዙሯታል። ሲሄዱ ታየኝ። መንገዱ መንገዳቸው እንዳልሆነ፣ ከአሁን በኋላ ቅዳሜ ሊነግሩኝ የሚያመጡት ወሬ እንደሌለ ታየኝ። እኔ ሰው ፊት የማልናገረው ሴት፣ እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ አፌ ተከፈተ።

"ዶክተር፣ ያቺ ሦስተኛዋስ?"

"ሦስተኛዋ?"

"ያቺ አጭሯ ጠርሙስ። ለኋላ ያሉኝ። ሦስተኛውን ስኳርም ቢበላው ኖሮ፣ ውኃው አይፈላም ነበር?"

ዓይናቸው ከእኔ ወደ ምድጃዋ፣ ከምድጃዋ ወደ ጣሪያው ሄደ። ከንፈራቸው መቁጠር ጀመረ። ይህን ቆጠራ አውቀዋለሁ፤ ለዓመታት ጀርባዬን ሰጥቼ ሰምቼዋለሁ።

"ከመቶው ሦስት አራት ይሆናል እሱ" አሉ። "ትንሽ ነው። ግን ልክ... ልክ ያቺው የጎደለችን ናት። መመሪያው ደግሞ የሚገኝበት ሻጋታ አለ፣ አውቀዋለሁ። እርሾውን የተረከበችው ልጅ በሌላ ክፍል ጠረጴዛ ይኖራታል፣ ጥጓን ብትሰጠኝ... ሁለት ገጽ ማመልከቻ ነው እኮ!" ኮታቸውን እየደባበሱ እስክሪብቶ ፈለጉ። ከግራ ኪሳቸው የለም። ከቀኝ ኪሳቸው ቁልፉ ወጣ፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። "ትንሽ እኮ ነው የቀረን፣ እትዬ!"

አንገትጌዬን ዳበስኩ። ጋዋን ከተውኩ ሁለት ዓመት ቢሆነኝም መርፌዬን ወደ ሹራቤ አዛውሬያታለሁ፤ ልማድ ነው።

"ኮቱን ይስጡኝ" አልኩ።

አወለቁና ሰጡኝ። እህቴ ሻዩን ይዛ በር ላይ ቆማለች፤ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም፣ እግዜር ይስጣት። እሳቸው በፖስታ ጀርባ ላይ ይጽፋሉ፤ እኔ እሰፋለሁ። ቁልፉ አራት ቀዳዳ አለው ብያችኋለሁ። በሁለቱ ቀዳዳ ሦስት ሦስት ጊዜ አመላለስኩ፣ አጥብቄ ቋጠርኩ፣ ክሩን በጥርሴ በጠስኩ።

ለብሰው ቆለፉት። ቁልቁል አዩት፤ ጠጋ ብለው ደግመው አዩት።

"እትዬ፣ ሁለቱ ቀዳዳዎች ባዶ ናቸው እኮ።"

"አዎ" አልኳቸው። "ትንሽ ነው የቀረው። ቅዳሜ ሲመጡ እጨርሰዋለሁ።"